አውቶቡሱን ያስቀረው ሰው

ክሊፎርድ ፔንፎልድ አድልኮት ውስጥ አልተወለደም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰውየው ሲያወራ የሰማ ሁሉ መንደሯን ከነቤተ ክርስቲያኗ አዝሎ ያሳደጋት ስለሚመስለው ነው። የተወለድኩባት እኔ ነኝ። አያቴ ዛሬ የጎልፍ ሜዳ በሆነው መሬት ላይ ቼሪ ይለቅም ነበር፤ አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ሌናርድ ሃካቢ፣ በአጭሩ ሌን፣ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬያለሁ። ፔንፎልድ በአንድ መንደር ብዙ ዓመት አብረን ከኖርን በኋላ፣ አንድ ቀን በመንደሩ አዳራሽ ሻይውን ይዞ ቀረበኝና፣ «ለመሆኑ ሌናርድ፣ ትውልድህ ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ከሐዲዱ ማዶ» አልኩት።

«አሃ» አለ፣ ባሕር ተሻግሬ የመጣሁ ይመስል።

አድልኮትን መንደር ብለው የሚጠሯት የሚኖሩባት ሰዎች ብቻ ናቸው። ድሮስ መንደር ነበረች። ባቡሩ መጣ፤ ከባቡሩ ኋላ የከተማ ጸሐፊዎችና የባንክ ሠራተኞች ንጹሕ አየር ፍለጋ መጡ፤ የቼሪ ዛፎቹን ቆርጠው ቤት ሠሩ፤ ከዚያ መንገዶቹን በቆረጧቸው ዛፎች ስም ጠሯቸው። ዛሬ በእኛና በከተማው መካከል ያለው አንድ የጎልፍ ሜዳና አንድ ነዳጅ ማደያ ነው። ላም የሚባል ነገር የለም። የመጨረሻው ገበሬ አንድ አውራ ዶሮ ነበረው፤ ማለዳ ይጮሃል ተብሎ ተከሰሰና ዶሮው ሄደ። በዓመቱ የአዳራሹ ጣሪያ ላይ የብረት አውራ ዶሮ ተሰቀለ፤ ጥንታዊ መልክ እንዲሰጠን ተብሎ። ከሳሹም ሰቃዩም አንድ ሰው ነው፣ ክሊፎርድ ፔንፎልድ።

ይኸው ሰው በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ በአዳራሹ ስለ መንደሯ ታሪክ ያስተምራል። የቆዩ ፎቶግራፎችን ግድግዳው ላይ እያበራ፣ በቀጭን ዘንግ እየጠቆመ። አንድ ጊዜ መሰላል ላይ የቆመ ባለባርኔጣ ሰው ታየ። «ስሙ ያልታወቀ ቼሪ ለቃሚ» አለ ክሊፎርድ።

«አልበርት ሃካቢ ይባላል!» አልኩ ከኋላ። «አያቴ ነው!»

«ጥያቄ በመጨረሻ ነው ሌናርድ» አለኝ፣ ወደሚቀጥለው ፎቶግራፍ እያለፈ። ሰዉ ዞሮ በትዝብት አየኝ፤ ነውረኛው እኔ ሆንኩ። በሚቀጥለው ዓመትም አያቴ ስሙ አልታወቀም።

ክሊፎርድ ከተማ ሳለ ሥራው ኢንሹራንስ ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ካሳ ሲጠይቅ፣ ካሳው የማይከፈልበትን ምክንያት የሚፈልገው እሱ ነው። ጡረታ ወጥቶ ሣር ሜዳው ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ቤት ከገዛ በኋላም የሠራው ሥራ ያንኑ ነው። አሳና ቺፕስ ቤት ሊከፈት ሲል ሽታው መጋረጃ ውስጥ ይገባል ብሎ ተቃወመ። ከሐዲዱ ማዶ በኛ መንገድ ላይ መብራት ሊተከል ሲል ከዋክብትን እንዳናይ ያደርገናል አለ፤ አጅሬ ግን ጀንበር ስትጠልቅ የሚተኛ ሰው ነው። ለልጆች ዥዋዥዌ ሊሠራ ሲል ሲጢጥ ይላል አለ። በየስብሰባው ከፊት ወንበር ይነሣል፤ መነጽሩን ያወልቃል፤ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል፤ ቢለምኑት ወይ ፍንክች። ሌላው አጨብጭቦለት ሻዩን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እነሱም ቺፕስ ቤቱን አይፈልጉትም ነበር፤ ነገር ግን ክፉ መባል ያስፈራቸዋል። ክሊፎርድ በእነሱ ፈንታ ክፉ ስለሚሆንላቸው ይወዱታል።

ከዚያ የኔ አውቶቡስ ተራ ደረሰ። ፌርማታው ከጥንት ጀምሮ ሣር ሜዳው ዳር፣ እሱ በኋላ የገዛው ቤት መስኮት ፊት ለፊት ነበር። መጀመሪያ መጠለያውን አስነሣ። ወሮበሎች ይሰበሰቡበታል አለ። ወሮበሎቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩ፤ አንደኛዋ የኔዋ ልጅ ሎሬይን ናት። ቀጥሎ ራሱ አውቶቡሱ ላይ ዞረ። የመስኮቱን መስታወት ያንቀጠቅጥበታል፤ ጭሱ ጽጌረዳው ላይ ያርፋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመንደሯን የቆየ መልክ ያበላሻል። አውቶቡሱ ግን እሱ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ እዚያው ይቆም ነበር፤ እንግዲህ ከሁለቱ የቆየው ማን እንደሆነ አስቡት። ዓመት ከዓመት ሲነዘንዛቸው የድርጅቱ ሰዎች ታከታቸውና መስመሩን በቀለበት መንገዱ በኩል አዞሩት።

በመጨረሻው ቀን ክሊፎርድ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር። ሞተሩን ሳስነሣ እጁን አውለበለበልኝ።

«የግል ጉዳይ አይደለም ሌናርድ!» አለኝ።

ተሳፋሪ ስለነበረ ስድቤን ውጬ ነዳሁት። እሱም ፌርማታው በነበረበት ቦታ ትልቅ የድንጋይ የአበባ ገንዳ አስቀመጠ፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ መኪና እንዳይቆም ቢጫ መስመር አስቀባ። በዚያው ዓመት አድልኮት ባማሩ መንደሮች ውድድር ተሸለመች።

ሰውየው የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ሙሪየል ሐሙስ ሐሙስ በኔ አውቶቡስ ከተማ ይወርዱ ነበር። ቡናማ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊተኛው ወንበር ይቀመጣሉ። ክሊፎርድን ክር ልገዛ ነው ይሉታል። ክርም ይገዛሉ፤ የሚሄዱት ግን ለቺፕስ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ፣ ኮምጣጤ የጠገበ ትኩስ ቺፕስ ይዘው ሲመለሱ አውቶቡሱ በሙሉ ይሸታል፤ መብላት ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ከራሳቸው በላይ ተለጥፏል።

«ሌን፣ አንተ ምንም አላየህም» ይሉኛል።

«ምኑን ነው የማየው ሚስስ ፔንፎልድ? እኔ የማየው መንገድ ነው።»

«ጎበዝ። በል እንካ፣ አንድ ቅመስ።»

ፌርማታቸው ከመድረሱ በፊት ሽቶ በነካው መሐረብ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይጠርጋሉ። አውቶቡሱ በቀረበት በመጨረሻው ሐሙስ ግን አልጠረጉም። «ክሊፎርድ መስኮቱ ይንቀጠቀጥበታል» አሉኝ፤ ትከሻዬን ነካ አድርገው ወረዱ።  ይህን ሰውዬ ከልቤ የጠላሁት ያን ቀን ነው፤ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም።

ዓመታት አለፉ። ወይዘሮ ሙሪየል መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋቸው፤ ኋላ የገዛ ቤታቸው በር ጠፋቸው። ጠዋት ጠዋት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ቦርሳቸውን ይዘው የአበባ ገንዳው አጠገብ ይቆሙ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ዳፍኒ፣ የአበባ ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ብቅ ስትል ክሊፎርድ ሮጦ ይወጣና፣ «አበቦቹን እያየች ነው» ይላታል።

«እንዴት ደስ ይላል!» ትላለች ዳፍኒ። ወይዘሮ ሙሪየል በብርድ እየተንቀጠቀጡ መሆናቸውን አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

በመጨረሻ ሃች ሌን በሚባለው ሰፈር ያለ የአረጋውያን መጦሪያ አስገቧቸው። ልጄ ሎሬይን የምትሠራው እዚያ ነው፤ ለአዛውንቶቹ ምግብ የምታቀርበው እሷ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ እኔ ቤት ገባችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«አባዬ፣ ሚስስ ፔንፎልድ እኮ እምቢ አሉ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መብላት ነዋ። ቦርሳቸውን ታቅፈው በር በሩን ያያሉ። ‹አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፣ አሁን አልበላም› ይላሉ። ማንም ቢለምናቸው አይሰሙም። ባላቸው ሲመጣ ግን አጠገባቸው ቁጭ ይልና፣ ‹ሙሪየል፣ አውቶቡሱ ዛሬ ዘግይቷል፤ እስኪመጣ ትንሽ እንቅመስ› ይላቸዋል። ያኔ ከእጁ ይጎርሳሉ።»

«አውቶቡሱ ዘግይቷል? እሱ ራሱ? በገዛ አፉ?»

«በየቀኑ።»

«ዓይኑን በጨው ያጠበ!» አልኩ። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ግን አልጣፈጠኝም።

«አትሳቅ አባዬ። እኔም እንደሱ ብዬ ሞክሬያለሁ። ከሱ አፍ ካልሰሙ አያምኑም። ለምሳ ካልደረሰ ጦማቸውን ነው የሚያድሩት።»

ክሊፎርድ ደግሞ በዚያው ሰሞን መኪና መንዳት ተከለከለ። ዓይኑ ደክሟል፤ አንድ ጠዋት መኪናውን ከግቢ ሲያስወጣ ዘው ብሎ የገዛ አበባ ገንዳው ላይ ወጣ። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት፤ ገንዳው ምንም አልሆነም። ሃች ሌን ለመድረስ በጎልፍ ሜዳው አጥር ጥግ ጥግ ሄዶ ቀለበት መንገዱን መሻገር ያስፈልጋል። ለኔ ቢጤ ይህን ያህል አይደለም፤ ሰማንያን ላለፈ ሰው ግን ረፋዱን ሙሉ ይፈጃል። እሱ ያባረረው አውቶቡስ አሁን በዚያው ቀለበት መንገድ ነው የሚያልፈው፤ እዚያ ግን አይቆምም። ሲያልፍ ጭቃ ይረጨዋል።

ታክሲ ለምን አልጠራም ትሉ ይሆናል። «ታክሲ የሚጠራ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ከስሯል» የሚል ሰው ነው። በየጠዋቱ ደጁ ላይ ታክሲ ሲቆም ዳፍኒ ብታይ ምን ልትል ነው?

አድልኮት ደግሞ ደግነት የላትም አይባልም። ሁሉም ላግዝህ ብሎታል። ነገሩ አባባላቸው ላይ ነው።

«ክሊፎርድ፣ ምንም ነገር ቢያስፈልግህ ብቻ ንገረን፣ እሺ?» ትለዋለች ዳፍኒ፣ የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች።

«ኧረ በፍጹም፣ አላስቸግርም» ይላል።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እግሬን ማፍታታት እወዳለሁ።»

«አቤት ጥንካሬ!»

ከዚያ እሷ ባዶ ወንበሮቿን ይዛ ከተማ ትወርዳለች፤ ያውም በሃች ሌን በኩል። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። እሷ ጠይቃለች፤ እሱ እምቢ ብሏል፤ ጨዋነቱ ተሟልቷል። እኛ ዘንድ ይህ ያስፈልገኛል ብሎ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ሰው፣ ልብሱን አውልቆ ሣር ሜዳው ላይ እንደቆመ ነው የሚታየው። እምቢ ካሉት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ‹ኧረ ግባ› የሚል ደግሞ ሰው ቤት በመስኮት እንደገባ ይቆጠራል። በዚህ ዓይነት መንደሩ በሙሉ መኪና ያለው ሆኖ አንድ ሽማግሌ በጭቃ ይሄዳል።

እኔም አንዴ መኪናዬን አቁሜለት ነበር፤ ለሱ ብዬ እንዳይመስላችሁ። «ይግቡ» አልኩት።

«በጣም አመሰግናለሁ ሌናርድ፣ አየሩ ግሩም ነው» አለኝ። ዝናብ እየዘነበ ነበር። አንጀቴን አልበላኝም፤ መስኮቱን ዘግቼ ነዳሁት።

ይባስ ብሎ መንደሩ የእግር ጉዞውን እንደ ጀብዱ ቆጠረለት። በዚያን ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ሴቷ ቄሳችን ፊሊፓ ከስብከቱ በኋላ ፊቷ በርቶ፣ «በዚህ ዕድሜው ብርድና ዝናብ ሳይል በየቀኑ የሚራመደውን ክሊፎርድን ተመልከቱ! በተራመደ ቁጥር እኛ ደግሞ ለጣሪያው ብንለግስስ?» አለች። አጨበጨቡ። ዳፍኒ በሳምንቱ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ይዛ መጣች፤ ጀርባው ላይ «ክሊፎርድ ለጣሪያው ይራመዳል» ተብሎ ተጽፎበታል። ሚስቱን ሊያጎርስ የሚሮጥን ሽማግሌ ሰደርያ አልብሰው ለጣሪያ ማሠሪያ አዋሉት! እሱስ? አመሰግናለሁ ብሎ ለበሰዋ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ታክሲ ቢሳፈር ጣሪያውን የከዳ ሆነ ማለት ነው። በመኪና ሲያልፉት ጥሩምባ ይነፉለታል፤ መስኮት ዝቅ አድርገው «በርታ ክሊፎርድ!» ይሉታል። እሱም ዱላውን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። ማንን ልናቅ እንደሚገባኝ ግራ የገባኝ ጊዜ ነበር፤ በኋላ ግን ለሁሉም የሚበቃ ንቀት እንዳለኝ አወቅኩ።

ወይዘሮ ሙሪየል መክሳት ጀመሩ። መንገዱ ሲከፋ ክሊፎርድ የሚደርሰው ምሳው ከተነሣ በኋላ ነው። ሎሬይን ሳህኑን ደብቃ ታቆያለች፤ እሳቸው ግን በር በሩን ሲያዩ ይደክማቸውና ቦርሳቸውን እንደታቀፉ ይተኛሉ። ይህን ስሰማ የአውራጃው ምክር ቤት የመጓጓዣ ክፍል ሄጄ ነዘነዝኳቸው፤ ከክሊፎርድ የተማርኩት ነገር ቢኖር ነዝናዛነትን ነው። በስተመጨረሻ አንዲት ትንሽ አውቶቡስ ጠዋትና ከሰዓት አድልኮት ልትገባ ትችላለች አሉኝ፤ የመንደሩ ሰው ከተስማማ። የምትቆመው ግን የድሮው ፌርማታ ላይ ነው፤ ሌላው መንገድ ለመዞር ይጠባታል።

ስብሰባው ተጠራ። ከምክር ቤቱ የመጣው ሰውዬ ካርታውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ አስረዳና፣ «ተቃውሞ ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ወደ ክሊፎርድ አዞረ። እሱ ከፊት ወንበር፣ ሰደርያውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። አልተነሣም።

ዳፍኒ ተነሣች። «ክሊፎርድ ያንን ቦታ እንዴት አድርጎ እንዳስከበረልን ሁላችንም እናውቃለን» አለች። «እሱን የሚያስከፋ ነገር እኔ በበኩሌ አልደግፍም።»

«እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ ሰዉ።

«ደግሞ መራመዱን እኮ ይወደዋል!» አለች ቄስ ፊሊፓ። ሳቁ።

እኔ ከኋላ ተነሣሁ። «ሚስተር ፔንፎልድ አፍ አላቸው፤ ራሳቸው ይናገሩ። ሚስተር ፔንፎልድ፣ አውቶቡሱን ይፈልጉታል ወይስ አይፈልጉትም?»

«ኧረ ሌን!» አለች ዳፍኒ። «ሰውን እንዲህ ያፋጥጣሉ?»

ክሊፎርድ ቀስ ብሎ ተነሣ። መነጽሩን አወለቀ። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በቃ ሊለው ነው ብዬ ጭብጤን ጨበጥኩ። አንድ ቃል ነው የሚፈለገው፤ አዎ ቢል አዳራሹ በሙሉ አዎ ይላል፤ ወይዘሮ ሙሪየልም በየቀኑ ምሳቸውን ይበላሉ።

«እኔ» አለ። «እኔ በግሌ...» ዳፍኒን አያት። ሰደርያውን አየው። ጉሮሮውን ጠረገ። «የፌርማታው ምልክት ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ቀይ ነው» አለ የምክር ቤቱ ሰው።

«ቀይ» አለ ክሊፎርድ። «ቀይ እንግዲህ ከሣር ሜዳው ጋር አይሄድም።»

አጨበጨቡለት። ሰውየው ካርታውን ጠቅልሎ ሄደ፤ ሻይና ብስኩት ቀረበ።

ከገና በኋላ ዝናቡ ጠነከረ። ቢጫው ሰደርያ መንገድ ላይ መታየቱ ቀረ። ሱቅ ውስጥ ዳፍኒን ሳገኛት፣ «ክሊፎርድ ትንሽ እያረፈ ነው፤ ይገባዋል እኮ» አለችኝ። በዚያው ቀን ሎሬይን ደወለች።

«አባዬ፣ ሰውየው ከመጣ ሰነበተ» አለችኝ። ድምፅዋ ተሰብሯል። «ስልክ ስንደውል ደህና ነኝ፣ ነገ እመጣለሁ ይላል። እሳቸው ደግሞ ከአንድ ጉንጭ ሻይ በቀር ምንም አልቀመሱም። በናትህ ሂድና አምጣልኝ። ጎትተህም ቢሆን አምጣው።»

መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ። መስኮቱ ፊት ለፊት፣ የአበባ ገንዳው ጥግ አቆምኩ፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁም። በሩን ደበደብኩ። ክሊፎርድ ፒጃማው ላይ ጋቢ መሰል ነገር ደርቦ፣ ጢሙን ሳይላጭ ከፈተልኝ። ሲስል ሳሉ ከሆዱ ነው የሚወጣው።

«ካፖርትዎን ይልበሱ» አልኩት። «ሚስስ ፔንፎልድ እየበሉ አይደለም። አሁኑኑ እንሂድ።»

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ መኪናዬን አየ።

«ሌናርድ» አለኝ፣ «እዚያ ማቆም ክልክል ነው እኮ።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩት። «ምን አሉ?»

«ቢጫ መስመር ነው። ሰው ያያል።»

«ቢጫ መስመርዎ ገደል ይግባ!» ብዬ ጮህኩ። «ሚስትዎ በረሃብ ሊሞቱ ነው! አውቶቡሱ ዘግይቷል የሚላቸው ሰው ይፈልጋሉ! ይግቡ አልኩ!»

ክንዱን ያዝኩት። እጅጌው ውስጥ አጥንት ብቻ ነበር። ለአፍታ ያህል ወደኔ ዘንበል አለ፤ አንድ እግሩም ከደፉ አለፈ። በዚህ መሀል ከመንገዱ ማዶ የዳፍኒ መጋረጃ ነቅነቅ ሲል አየነው፤ እኔም አየሁ፣ እሱም አየ። እግሩን መለሰ። ክንዱን በቀስታ ከእጄ አላቀቀ።

«በጣም ደግ ነህ» አለኝ። «ነገ ይሻለኛል፤ ነገ በእግሬ እሄዳለሁ። ዛሬ አንተን አላስቸግርም።»

በሩንም እንዳይጮህ ቀስ አድርጎ ዘጋው። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። ሞተሩ እየሠራ ስለነበር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ እውነትም ሄደ። ሰደርያውን ለብሶ፣ እየሳለ፣ በየአጥሩ እያረፈ። ወይዘሮ ሙሪየል ማለዳ አርፈዋል። ሎሬይን በር ላይ ጠብቃ ነገረችውና ቡናማውን ቦርሳ ሰጠችው። «አመሰግናለሁ፣ ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ» አላት። ላድርስዎት ብትለው እምቢ ብሎ በመጣበት መንገድ በእግሩ ተመለሰ። ቦርሳውን በደረቱ ታቅፎ ቀለበት መንገዱን ሲሻገር ከመንደሩ የወጡ መኪኖች ጥሩምባ ነፉለት። «በርታ ክሊፎርድ!» አሉት።

የቀብሩ ዕለት ሁሉም መኪና ነበረው። መቃብሩ ከተማው ዳር ነው፤ የሚኬደውም በጎልፍ ሜዳው አልፎ፣ ቀለበት መንገዱን ተሻግሮ፣ በሃች ሌን በኩል ነው። የአድልኮት መኪኖች ተጥበውና ተወልውለው፣ በየመኪናው አንድ አንድ ሰው ተቀምጦ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። ክሊፎርድ ከፊት ባለው ትልቅ ጥቁር መኪና ነበር። ሾፌሩ በሩን ሲከፍትለት አላስቸግርም አላለም።

ከቀብሩ መልስ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ተቀዳ። ጣሪያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ትንሽ ገንዘብ ስለተረፈ፣ ቄስ ፊሊፓ ለሙሪየል መታሰቢያ ስማቸው የተቀረጸበት አግዳሚ ወንበር እናስቀምጣለን አለች። «የት ይሁንልህ ክሊፎርድ?»

ክሊፎርድ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ወደኔ ዞረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ሌናርድ፣ ሐሙስ ሐሙስ ክር ልትገዛ ነበር አይደል የምትሄደው?»

«ቺፕስ ሊበሉ ነበር» አልኩት። ልሸፍንለት አልፈለግኩም። «ከፊት ወንበር ተቀምጠው። መስኮትዎ እንዳይንቀጠቀጥ ብለው እስካስቀሩባቸው ድረስ።»

ኩባያውን አስቀመጠ።

«ኮምጣጤ ታደርግበት ነበር?»

«ብዙ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ፊሊፓ ዞሮ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ወንበሩ ፌርማታው የነበረበት ይሁንልኝ» አለ። «የአበባ ገንዳው ይነሣና እዚያ ይሁን። እዚያ ነበር የምትጠብቀው።»

ሰውየው ይሁንልኝ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።  ሰዉ ኩባያ ኩባያውን ያያል።

«ውይ ክሊፎርድ» አለች ዳፍኒ፣ ክንዱን ዳበስ እያደረገች። «ሐሳቡ እንዴት ደስ ይላል! ግን ገንዳው... የውድድሩ ዳኞች ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ደግሞ ወንበር ካለ ሰው ይሰበሰብበታል። አንተው አይደለህ ያስተማርከን?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጸጥ ያለ ቦታ አለ» አለች ፊሊፓ።

«ግሩም ነው፣ ጸጥታ ነው የሚያስፈልገው» አለ ሰዉ።

እኔ ጠበቅኩ። ስለ ዶሮ፣ ስለ ዥዋዥዌ፣ ስለ መብራት ያን ሁሉ ዓመት ሽንጡን ገትሮ የተከራከረ ሰው ነው፤ አሁንም ይከራከራል ብዬ ጠበቅኩ። ጠልቼው እንኳ ያን ጊዜ ከጎኑ እቆምለት ነበር። መነጽሩን አወለቀ። አፉን ከፈተ።

«ልክ ነሽ ዳፍኒ» አለ። «አላስቸግርም።»

አጨበጨቡለት።

ወንበሩ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አጥሩ ሥር ነው ያለው። ፊቱን ወደ ግንቡ አዙረው ነው ያስቀመጡት፤ መንገዱ ከዚያ አይታይም።